ካርድ ላይ የሞተው ወንድም

ቁልፍ ሠሪው የሆስፒታል አልጋ ላይ ከተሰቀለ አስራ ስድስት ቀን ሆነው። ተኛ እንዳይባል የተሰበረ ግራ እግሩ በገመድ ተወጥሮ፣ ከገመዱ ጫፍ የአሸዋ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ወደ ግድግዳ መዞር የለ፣ ወደ መስኮት መዞር የለ። ዕድሜ ልኩን የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰውዬ አንዲት ገመድ መፍታት አቅቶት ጣሪያ ላይ ያፈጣል።

ከገመዱ ይልቅ የባሰ ያሰረው ግን የገዛ አፉ ነው።

የክፍሉ ነርስ አንድ ልማድ አላት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መርፌና መድኃኒቷን አስቀምጣ፣ ባዶ እጇን ወንበር ትስብና ከእያንዳንዱ በሽተኛ አጠገብ አስር ደቂቃ ትቀመጣለች። ካወራ ትሰማዋለች፤ ካላወራም ዝም ብላ አብራው ትቆያለች። «ቁስሉን ሐኪሙ ያየዋል፤ ቁስለኛውን ደግሞ እኔ ልየው» ትላለች። ቁልፍ ሠሪው የገባ ዕለትም ካርዱን ይዛ ጠየቀችው።

«ማን እንዲጠይቅዎት ይፈልጋሉ፣ ጋሼ?»

«ማንም።»

«ዘመድ የለዎትም?»

«አንድ ወንድም ነበረኝ። ሞቷል።»

ምን ይሞታል! አስተማሪ ነው፤ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበት ሰፈር ይኖራል። ለቁልፍ ሠሪው ግን ከአራት ዓመት በፊት፣ አባታቸው የተቀበሩ ቀን ሞቷል። ያን ቀን የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነበበው አስተማሪው ነበር። የልጆቹን ስም ሲጠራ ራሱን ጠራ፣ እህታቸውን ጠራ፣ የእህታቸውን ልጆች ሳይቀር ጠራ፤ የአባቱን በኩር ልጅ ዘለለው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ቁልፍ ሠሪውን አየው። ለካ ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ወረቀት ላይ አይሰፍርም! ከትምህርት ወጥቶ ብረት ሲሞርድ ያደገው ማን ይማር ብሎ ነበርና? ይህን አራት ዓመት ሙሉ ሲያመነዥከው ኖረ።

ሲስተር ግን ነገሩን አምና «እግዜር ያጥናዎት» አለችው፤ ካርዱም ላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ታጽናናው ጀመር።

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ፣ ልጄ» አላት የመጀመሪያ ቀን። በሦስተኛው ቀን፣ ወንድሙ ልጅ ሆኖ ጨለማ እንደሚፈራና የእሱን ጆሮ ካልያዘ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገራት። በስድስተኛው ቀን ስለ እሱ እያወራ ዓይኑን በአንሶላው ጫፍ ጠረገ። ከነነፍሱ ለቀበረው ሰው እንባ! እውነቱን እንዳይናገር፣ ያቺ ደግ ልጅ ስንት ቀን በከንቱ አዝናለታለች። እንዳይተወው፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት መምጣቱ አይቀርም። ሮጦ አያመልጥ ነገር፣ እግሩ ተሰቅሏል።

ጎን ያለው በሽተኛ፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት ሾፌር፣ አንድ ቀን «ምን ዓይነት ወንድም ነው ባክህ፣ ከሞተ በኋላ እያማረበት የሚሄደው?» አለው።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። «አጥንቱ አመርቅዟል። ነገ እንከፍተዋለን፤ እግሩ ላይተርፍ ይችላል። ልብዎም ደከም ብሏል» ብሎ አስፈረመው። ለኦፕራሲዮን የተዘጋጀ በሽተኛ ጋ የሚገባው ደግሞ ካርዱ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። በቁልፍ ሠሪው ካርድ ላይ ያለው ሰው ሬሳ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ወንበሯን ስባ ገና ከመቀመጧ፣ በር ላይ ድምፅ ተሰማ።

«የማን ጠያቂ ነህ?» ይላል ጥበቃው።

«የቁልፍ ሠሪው። ወንድሙ ነኝ፤ እዚህ መተኛቱን ዛሬ ከጎረቤቱ ሰማሁ።»

ወረቀት ተገለጠ። «ወንድሙ ሞቷል።»

«ማን?»

«አንተ። ማለቴ፣ ወንድሙ። ይኸው ተጽፏል።»

«ሰውዬ፣ ቆሜ እያነጋገርኩህ!»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለወረቀቱ ንገረው።»

ሬዲዮ የተሰፋ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ቁልፍ ሠሪው ድምፁን አውቆታል፤ ያ ስሙን የዘለለ ድምፅ ነው። ሲስተር ካርዱን አየች፣ እሱን አየች። ፊቱን ሊያዞር ሲል ገመዱ ጎትቶ መለሰው።

«ሲስተር፣ እኔ...»

«እየሰማሁ ነው፣ ጋሼ። በግድ ሰው አላስገባብዎትም። ግን ነገ ወደዚያ ክፍል ሲገቡ ብቻዎን እንዲሆኑ አልፈልግም።» ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በር ላይ ያለው ሰው ተነፈሰ። ጫማው ኮሪደሩን ይዞ መራቅ ጀመረ። ቁልፍ ሠሪው እርምጃውን ቆጠረ። አባቱ ታመው ሳለ እሱም እንዲሁ ከደጃፍ ተመልሷል። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ፣ ከውስጥ «የተማረውን ልጄን ጥሩልኝ» ሲሉ ሰምቶ። ይህንን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

«አልሞተም!» ብሎ ጮኸ። «ሲስተር፣ አልሞተም! ጥሪልኝ!»

ወንበሩ ተገለበጠ፤ ሮጠች።

አስተማሪው ሲገባ ፀጉሩ ሸብቷል። ቁልፍ ሠሪው ሰላምታውን እንኳ አልጠበቀም። «ስሜን ለምን ዘለልከው?»

«አውቄ ነው። አባባ ስምንት ወር ሲተኙ አንድ ቀን አልመጣህም። በር በተንኳኳ ቁጥር 'እሱ ነው?' ይሉ ነበር። ተናድጄ ዘለልኩህ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ ስም በጠራሁ ቁጥር ያንቀኛል።» ካርዱን በአገጩ አመለከተ። «አንተስ ለምን ገደልከኝ?»

'እሱ ነው?' ይሉ ነበር! የቁልፍ ሠሪው እጅ የታናሹን እጅጌ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ።

ሲስተር የወደቀውን ወንበር አንስታ ለአስተማሪው ሰጠችው፤ እስክሪብቶዋንም አወጣች። «ጋሼ፣ ካርዱን ላስተካክለው?»

«አስተካክይ። ነገም ጠዋት ይግባ በዪ።» ከዚያ እንደገና ጠራት። «ታናሽ ወንድም ብለሽ ጻፊ፣ እሺ? ታላቁ እኔ ነኝ።»