እቤቱ የሌለ ሰው ሲያነጥስ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፦ በነሐሴ አጋማሽ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ ከትራም ሐዲዱ ጀርባ ባለው ባለአራት ፎቅ ሕንጻ፣ በሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ረስሚ አብደልባሪ አነጠሰ።

ማነጠሱ ባልከፋ። ክፋቱ ረስሚ እቤቱ አለመኖሩ ነው። እሱ፣ ሚስቱ ነባውያና ልጃቸው ጂላን ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሳሕል ናቸው፤ ከከተማው በስተምዕራብ፣ አሸዋው እንደ ፉርኖ ዱቄት በነጣበት፣ ባሕሩም እንደ ሀብታም ሰው ሳሎን ጸጥ ባለበት የመዝናኛ ዳርቻ። ሻንጣቸውን ታክሲ ላይ ጭነው ሲሄዱ መንገደኛውም ባለሱቁም «መልካም መዝናናት» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ታክሲው ጣቢያውን ዞሮ፣ ሲመሽ በጓሮ በር እንደመለሳቸው ያየ የለም፤ ከዘበኛው ከበሺር በቀር። በሺር ደግሞ ላይናገር ምሏል።

እና አሁን ረስሚ አፍንጫውን በሁለት እጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ነባውያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆመች። ጂላን ድምፁ የጠፋውን ቴሌቪዥን ጭራሹኑ ዘጋችው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ውጪ፣ ቧንቧዎች በሚወርዱበት ጠባብ የአየር ጉድጓድ በኩል፣ ከላይ፣ የጎረነነ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ይማርህ!»

ከዚያ ባለድምፁ ምላሱን የነከሰ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ አንድ መስኮት ሲጢጥ እያለ ተዘጋ።

ከላይ ያለው ሦስተኛው ፎቅ የሐጅ ፈርጋሊ ቤት ነው። ሐጅ ፈርጋሊ መጋረጃ ነጋዴ ነው፤ የጂላን እጮኛ የዋኢል አባት። ዋኢል የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ እስከ ጥቅምት፣ እስከ ሠርጉ ድረስ፣ ባሕር ላይ ነው። አባትና እናቱ ደግሞ ከዐርብ ጀምረው ሳሕል ናቸው።

እንዲያውም የሳሕል ነገር የመጣው ከእነሱ ነው። ለልጆቹ መተጫጨት ፋቲሓ የተቀራ ዕለት ሐጅ ፈርጋሊ ሻርባቱን ፉት እያለ፣ «እኛ ነሐሴን ሳሕል ነው የምናሳልፈው፤ እንደ ልማዳችን» አለ። ረስሚ በወደቡ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ሲመታ የኖረ፣ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሰው «ኡስታዝ» የሚባል፣ ባላየው ነገር ላይ ፈርሞ የማያውቅ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን አፉ ከእሱ ቀድሞ፣ «እኛም» አለ። ከዚያ ወዲህ አፉን ተከትሎ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

«ሌባ ነው» አለ አሁን፣ በሹክሹክታ።

«አባዬ፣ ሌባ ይማርህ ይላል?» አለች ጂላን።

«ሌባስ እናት አላሳደገችውም?» አለች ነባውያ። «ሰው ሲያነጥስ ዝም እንዳይል አስተምራዋለች። አትስረቅ ማለቱን ነው የረሳችው።»

ረስሚ ጣሪያውን አየ።  ቆይቶ ከላይ ባዶ እግር የሚመስል ነገር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ፤ ቀጥሎ ከባድ ሳጥን ወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማ። የነባውያ ፊት አመድ መሰለ።

«የልጄ ዕቃ» አለች።

የሙሽራዋ ወገን የወጥ ቤቱን ዕቃ እስከ ማንኪያው ድረስ አሟልቶ ይገባል። ነባውያ ይህን ዕቃ መሰብሰብ የጀመረችው ጂላን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ድስቱ፣ ፎጣው፣ ሳህኑ፣ በተለይም ባለሰማያዊ ጠርዙ የሻይ ዕቃ፣ በትራም ጉልበቷ ላይ አቅፋ ያመጣችው፤ አንድ ሰው ገፍቷት «ሕፃን የያዘች ሴት አታይም?» ብላ የጮኸችበት። የእነሱ ቤት ጠባብ ስለሆነ ሳጥኖቹ ሁሉ ላይ ቤት፣ በአማቾቹ ትርፍ ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል።

«ፖሊስ እንጥራ» አለች።

«የት ሆናችሁ ሰማችሁ ቢለንስ?»

ነባውያ የፖሊሱን ነገር ተወችው። 

ረስሚ ወደ መስኮቱ ሄደ። በተዘጋው የእንጨት መዝጊያ ስንጥቅ በኩል፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል፣ ጣት የምታህል ባሕር ትታያለች። እውነተኛ ባሕር፣ የራሱ ባሕር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በየበጋው አንድ ሳንቲም ሳይከፍል የታጠበበት። አሁን ሳሕል ስለሆነ መሄድ አይችልም። አራት ቀን ሙሉ በላብ ቀልጧል። ዓሣ እንዳይጠበስ ሽታው ያጋልጣል። እሑድ ዕለት ቡድኑ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ሲያገባ ጩኸቱን ከነምራቁ ውጦታል። ማታ ማታ ነፋሱ መጥቶ መዝጊያውን ያንኳኳል፤ አይከፈትለትም።

«ለሐጅ ልደውል» አለ በመጨረሻ። «አዟዙሬ እጠይቀዋለሁ።»

ስልኩ ወዲያው ተነሣ።

«ሐጅ! እንዴት ሰነበቱ?» አለ ረስሚ፣ ድምፁን እንደያዘ።

«ኡስታዝ ረስሚ! አልሐምዱሊላህ!» ሐጅ ፈርጋሊም የሚናገረው በሹክሹክታ ነበር።

«ምነው ድምፅዎ?»

«እመቤቲቱ ከዋና መጥታ ተኝታ ነው። የእርስዎስ?»

«እዚህ ነፋስ ነው። ጮክ ካልኩ ይወስደዋል።»

ሁለቱም ይህ በቂ ምክንያት ስለመሆኑ ጥቂት አሰቡበት።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለ ረስሚ።

«ዘይት ነው፣ ዘይት! የእናንተስ?»

«የእኛም ዘይት ነው።» ረስሚ ጣሪያውን እያየ ቀጠለ። «እኔ ምልዎት ሐጅ፣ ቤቱን ለማን ትታችሁ ሄዳችሁ?»

«ለአላህ። ድመት እንኳ የለም። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ዘመኑ…»

«እናንተስ? ከእናንተ ቤት የቀረ ሰው አለ?»

«ማን ይቀራል? ሁላችንም እዚህ ነን።»

 ከዚያ ሐጅ ፈርጋሊ በረጅሙ ተንፍሶ «አላህ ይጠብቀን» አለ። ረስሚ ቃሉን ሁለት ጊዜ ሰማው፤ አንዴ በስልኩ፣ አንዴ በወጥ ቤቱ መስኮት። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ነቀነቀው።

«ይህ ስልክ ውሃ ገብቶታል» አለ። ጂላን አባቷን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ እንደገና አባቷን አየች። 

ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩ ሦስት ጊዜ ተቧጨረ። በሺር ነው። የአስዋን ሰው ነው፤ ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ሳቁን በጢሙ ውስጥ የሚያስቀምጥ። ዳቦ፣ ነጭ አይብና የተጠበሰ በቆሎ በዘንቢል ይዟል። የበቆሎው ሽታ ሲገባ ነባውያ ዓይኗን ጨፈነች።

«በሺር» አለ ረስሚ በበሩ ስንጥቅ፣ «ሦስተኛ ፎቅ ሰው አለ እንዴ?»

«ሦስተኛ ፎቅ?» በሺር ሕንጻው ሦስተኛ ፎቅ እንዳለው ገና የሰማ ይመስል ወደ ላይ አየ። «ሳሕል ናቸው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይሆን ብዬ ነው። ኮቴ ሰማን።»

«ኡስታዝ፣ እርስዎስ የት ነው ያሉት?»

«ሳሕል።»

«ታዲያ ከሳሕል የሦስተኛ ፎቅ ኮቴ ከተሰማዎት፣ ጆሮ አይደለም ይሄ፤ ጸጋ ነው።»

ረስሚ ዘንቢሉ ውስጥ ዓይኑን ጣለ። «ሦስት በቆሎ ነበር ያልንህ። ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ስምንቱም?»

«በጋ አይደል» አለ በሺር በጥሞና፤ «ይርባል።»

ረስሚ በሩን ዘግቶ ጆሮውን ለጠፈበት። የዘበኛው ኮቴ ወደ ታች አልወረደም። ወደ ላይ ወጣ፤ ቆመ፤ እንደገና ወጣ፤ ቆመ። ምናልባት በቆሎውን ጣሪያው ላይ፣ ነፋስ እየተቀበለ ይበላው ይሆናል። አሳቡ ለራሱም አልተዋጠለትም፤ ግን ሌላ አሳብ አልነበረውም።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ግድግዳውን ሰነጠቀው። ከታች፣ በጎዳናው ላይ፣ ዣንጥላና ጎማ የተሸከሙ ልጆች ወደ ባሕሩ ሲሮጡ ነጠላ ጫማቸው ይንጣጣል። የማር ብስኩት ሻጩ «ፍሬስካ! ፍሬስካ!» እያለ አለፈ፤ ጂላን ሶፋው ላይ ተገለባበጠች። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ከላይ ሳጥኑ እንደገና ተጎተተ። በዚህ ጊዜ ግን ነገሩ በመጎተት አላበቃም። አንድ ነገር ወደቀ፤ ብርጭቆ ሲደቅ ሦስቱም ሰሙት።

«ባለሰማያዊ ጠርዙ!» ነባውያ ደረቷን ያዘች።

ረስሚ ተነሣ። ከበሩ ኋላ የመጥረጊያውን እንጨት አነሣ።

«አባዬ፣ ተወው» አለች ጂላን። «ያለ ሳህን የተጋባ ሰው የለም?»

«የለም» አለች እናቷ። «በዚህ ከተማ የለም።» ከዚያ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ባለመስመር ፒጃማ፣ የነጠላ ጫማው አንዱ ክር የተበጠሰ። «ግን ረስሚ፣ ከወጣህ ወጣህ ማለት ነው። ሐጅ ሲሰማ የት ነበርክ ይልሃል።»

እሱም የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ስለ ባሕር የዋሸ ሰው ስለ ልጁስ ምን አልዋሸም አይሉም? ቤቱስ፣ ዘሩስ፣ አስተዳደጉስ? ጥቅምት ሲደርስ አንድ ምክንያት ፈልገው ፋቲሓውን ሊያፈርሱት ይችላሉ። ካልወጣ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ድካም በሌባ ትከሻ ላይ ሆኖ ደረጃውን ሲወርድ በበሩ ቀዳዳ ማየት ነው። የትኛው ውርደት የትኛውን እንደሚበልጥ መመዘን ጀመረ፤ ሚዛኑ ተምታታበት። እግሩ ግን፣ ያኔ እንደ አፉ፣ ቀድሞት ወጣ።

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ሲወጣ ደረጃው መሃል ላይ ይታጠፋል። ረስሚ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከላይ የሚወርድ ባዶ እግር አየ። ከዚያ ፒጃማ። ከዚያ እንደ ጦር የተዘረጋ የመጋረጃ ዘንግ። ከዘንጉ ኋላ ሐጅ ፈርጋሊን።

ቆሙ። ሁለቱም እንደ አይብ የነጡ ነበሩ፤ ፀሐይ የሚባል ነገር በዚህ ዓመት አልነካቸውም።

«እንኳን ደህና ገቡ» አለ ረስሚ።

«እንኳን ደህና ቆዩኝ። መቼ ገባችሁ?»

«አሁን። ገና ሻንጣው እንኳ አልተፈታ። እናንተስ?»

«እኛም አሁን።»

«ባሕሩስ?»

«ዘይት።»

«እሱስ ዘይት ነው።»

ሐጅ ፈርጋሊ የረስሚን እንጨት አየ። «ልትጠርጉ ነው?»

«አቧራ ነዋ፤ ሰው የሌለበት ቤት። እርስዎስ?»

«መጋረጃ ልሰቅል ነው።»

«ደረጃው ላይ?»

ሐጅ ፈርጋሊ ግድግዳውን በነጋዴ ዓይን ለካው። «ይህም ቢሆን መጋረጃ አይከፋውም» አለ።

ረስሚ በአማቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ሐጅ ፈርጋሊም በእሱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወደ ታች። ሁለቱም ሌባ ይፈልጉ ነበር። ሁለቱም ስለ ሌባው ለመናገር ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

የደረጃው አምፖል ጠፋ። ከአምፖሉ ጋር አብሮ፣ እስካሁን ማንም ያላስተዋለው፣ የሕንጻው የራሱ እስትንፋስ የሚመስል የየቤቱ ማራገቢያ ጉምጉምታ ቀስ እያለ ሞተ።  ወዲያው ከተዘጉት በሮች ሁሉ ኋላ፣ ኢስታንቡል ከሄዱት ከአንደኛው ፎቅ፣ መርሳ ማትሩህ ከሄደው የረስሚ ፊት ለፊት ጎረቤት፣ እስከ መስከረም አንመለስም ካሉት ከአራተኛው ፎቅ፣ በአንድ አፍ፦

«ኤጭ!»

«አይ እንግዲህ!»

«አሁንስ በዛ!»

አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀምሮ አፉ በእጅ ተያዘ። ከዚያ ሁሉም የሌላውን ድምፅ እንደሰማ ገባው መሰለኝ፣ ሕንጻው ትንፋሹን ዋጠ።

ቀድሞ የተከፈተው የአንደኛው ፎቅ በር ነው። ሰው ሁሉ ለጉልበቷ ሕክምና ኢስታንቡል ናት የሚላት ወይዘሮ ኢንሻራህ ምንጣፍ በብብቷ ሸጉጣ፣ በአንድ እጇ የመደገፊያውን ብረት ይዛ፣ በሌላው በተቀደደ ካርቶን እያራገበች ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች። በመታጠፊያው ላይ፣ ከባሕር በኩል ያለችው ትንሽ መስኮት ትንሽ አየር ታስገባለች። ሁለቱን ሰዎች ከነዘንጋቸው አየቻቸው። አልደነቃትም። ምንጣፏን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ጠጋ በሉ እንጂ» አለች። «አየሩን እኮ ዘጋችሁት።»

ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ከታች ሌላ በር ተከፈተ፤ ከላይም። የነጠላ ጫማ ድምፅ ከየአቅጣጫው ወደ መስኮቷ ይመጣ ጀመር። ነባውያና ጂላን በበራቸው ደፍ ላይ ቆመው፣ ባልና አባታቸው ከማን ጎን እንደተቀመጠ በደብዛዛው ብርሃን ለማየት ይሞክራሉ።

ሐጅ ፈርጋሊ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ ማንም ሳያይ ተናገረ።

«የተሰበረው የእኛ የወይራ ጠርሙስ ነው። የጂላን ሳጥኖች አልተነኩም። ወደ ግድግዳ ያስጠጋኋቸው… ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ እንድንጋደምበት ብዬ ነው።»

ረስሚ መልስ ፈለገ። ይመሰገናል? ይቅርታ ይጠየቃል? ወይስ ባሕሩ እንዴት ነበር ይባላል? አንዱንም ሳይመርጥ፣ ከላይ ይሁን ከታች ባልለየው ቤት፣ አንድ ሰው ድምፁን መደበቁን ትቶ ሐብሐብ ይቆርጥ ጀመር።