ያዥና መቺ

ገጀራ ብቻውን እንጨት አይፈልጥም። ወንዱ መጥረቢያ ሰቅሎ ከላይ እያጓራ ሲወርድ ያየ ሁሉ ፍለጣ ያ ብቻ ይመስለዋል፤ ይምሰለው። ለዳቦ ቤት ምድጃ የሚሆን ቀጭንና እኩል ፍልጥ ግን የሚወጣው በሁለት ሰው ነው። አንዷ ቁጭ ብላ የገጀራውን ስለት በግንዱ ጅማት ላይ ታሳርፋለች፤ ሌላዋ ቆማ በእንጨት መዶሻ ጀርባውን ትለዋለች። መቺዋ ከሳተች የያዥዋ ጣት ከፍልጡ ጋር ምድጃ ገባ ማለት ነው።

ያዥዋ ባልቴት ነች። ሰፈሩ ከኋላዋ «እማማ ቁንዶ» ይላታል። ቁመቷ ከበርሜል አይበልጥም፣ ነገር ግን የቀመሳት ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። ስሙን ሰምታለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ገጀራዋን አንድ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ነው የሠራላት፤ ሰፊ፣ ከባድ፣ ጀርባው አውራ ጣት የሚያህል። ለሰው አታውሰውም። የጠየቃትን ሁሉ «ጥርሴንም ላውስህ?» ብላ ትመልሳለች።

መቺዋ ምራቷ ነች። የባልቴቷ ልጅ ታሞ ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ «አልወለደችለት፣ ምን ይዟት ትቀራለች? ዛሬ ነገ ሻንጣዋን ታነሣለች» አለ። አላነሣችም። ለቅሶው ሲበተን ወደ ጓሮ ወጥታ ባሏ ያስቀመጠውን መዶሻ አነሣች። ባልቴቷም ምንም ሳትል ገጀራውን ግንዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሲመቱና ሲይዙ ዓመታት ሄዱ።

ሰሞኑን ግን የምራቷ ወንድም ከሩቅ ከተማ ደወለ። «ሱቅ ከፍቻለሁ፤ የራሴ ሰው ያስፈልገኛል። ከሙት ባል እናት ጋር እንጨት ስትፈልጪ ልታረጂ ነው?» አላት። የምትመጣ ከሆነ ረፋድ ላይ በሚነሣው መኪና ትሳፈር፣ የማትመጣ ከሆነም ትንገረው።

መኪናው በሚነሣበት ቀን ጠዋት ሁለቱ ጓሮ ወጡ። ግንዱ አንጓ የበዛበት ክፉ ግንድ ነበር።

«እማማ…»

«ምቺ።»

መታች። ገጀራው ጣት ያህል ገባ።

«ወንድሜ መልስ እየጠበቀ ነው እኮ።»

«ወንድምሽ ግንዱ ውስጥ ነው ያለው? ዓይንሽን ሥራሽ ላይ አድርጊ።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

ባልቴቷ ውስጥ ውስጡን የምትለውን ታውቃለች። ሌሊቱን ስትገላበጥ ያደረችው በዚያው ነው። «ቅሪ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን አፏ ለልመና አልተፈጠረም፤ እናቷም እንዲያ አላሳደገቻትም።

«እኔ ምን እላለሁ? እግሩ ያንቺ፣ መንገዱ የመንግሥት።»

«ብሄድ ማን ይመታልዎታል?»

«አንቺ ሳትመጪም እንጨት ይፈለጥ ነበር። ደግሞ ምኑን መታሽው! እንደ ዶሮ ጥሬ ትለቅሚያለሽ እንጂ።»

ምራቷ እንደ ልማዷ ሳቅ አለች፣ ሳቁ ግን ጥርሷ ላይ ቀረ። ላቧን በክንዷ ጠረገችና ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እንግዲያው ብሄድም አልጎድልም ማለት ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝምታ ስንቱን ቤት አቁሟል! ባልቴቷ ግን መልስ አጥታ አታውቅም።

«ልጄ ያጎደለውን ቤት አንቺ ደግሞ ማን ሆነሽ ታጎድዪዋለሽ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከአፏ እንደወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ደንግጣም አልመለሰችውም። ምራቷ መዶሻውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። አልወረወረችውም፤ ብትወረውረው ይሻል ነበር። ገብታ ጨርቋን ጠቀለለች። ስትወጣ ጎንበስ ብላ ባልቴቷን ሳመቻትና «ጣትዎን ይጠብቁ» አለች።

«በሩን ሳቢው፤ አቧራ ይገባል» አለች ባልቴቷ። ስንብቷ ይኸው ነበር።

ብቻዋን ስትቀር በእልህ ተነሣች። በአንድ እጅ ይዛ በሌላው መታች፤ ገጀራው ተንሸራተተ። ደግማ መታች፤ አንጓው ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ብትነቀንቀው፣ ብትረግመው፣ በእግሯ ብትገፋው እንቢ አለ።

ከሰዓት በኋላ የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ፍልጡን ሊወስድ መጣ።

«እማማ፣ ፍልጡስ?»

«አንጓ ያዘው።»

«መቺዎስ የታለች?»

«ወንድሟ ዘንድ ሄደች።»

«ለስንት ቀን?»

«ጨርቋን ጠቅልላ ለሄደች ለስንት ቀን ይባላል፣ አንተ ዱቄታም?»

ጋጋሪው ቆቡን አወለቀ። «ውይ! ለካ ለዚህ ነው ትናንት የጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ዳቦ ልትገዛ መጥታ፣ "እማማ ስለ እኔ አንድ ደግ ነገር ብለውህ ያውቃሉ?" አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን ልበላት? አስምለውኛል እኮ! "ኧረ ሰምቼም አላውቅ" አልኳት።»

እውነቱን ነው። ፍልጥ ሊወስድ በመጣ ቁጥር፣ ምራቷ ወደ ቤት ገባ ስትል፣ ባልቴቷ ክንዱን ይዛ ታንሾካሹክ ነበር። «እጇን አየኸው? አንድ ቀን ስታ አታውቅም። የወለድኩት ልጅ እንኳ ሁለቴ ጣቴን መትቶኛል። ብቻ እንዳትነግራት! ፊት ለፊት የተመሰገነ ሰው እንደ ፈሰሰ ሊጥ ነው፣ መልሶ አይሰበሰብም። ማልልኝ!» እሱም ይምልላታል። ምስጋናውን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቀው የተመሰገነችው ራሷ ብቻ ሳትሰማው ቀረች።

«አንተ ደንቆሮ! በእንዲህ ያለ ቀንም ደብቅ ብዬሃለሁ?»

«ብለውኛል፣ እማማ።»

ብላዋለች።

ጋጋሪው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን አወጣና ለምራቷ ደወለ። ባልቴቷ ስልኩን እንደ ፍም በሁለት ጣቷ ያዘችው። ከወዲያ የመኪና ጉርምርምታ ይሰማል።

«አቤት?»

«እኔ ነኝ።»

«እማማ! ምን ሆኑ? ጣትዎን መቱ እንዴ?»

«ጣቴ ደኅና ነው።» ጋጋሪው በዓይኑ «ይበሉ እንጂ» ይላታል። ጀርባዋን ሰጠችው። «አንድ ቀን ስተሽ አታውቂም፤ እሱን ልነግርሽ ነው። እንዳንቺ ያለ መቺ አላየሁም።»

የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው።

«ጠዋት ቢሉኝ ኖሮ» አለች ምራቷ፣ «መዶሻውን አላስቀምጠውም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ለወንድሜ ቃል ሰጠሁ። የነበረውን ሠራተኛ በኔ ተማምኖ አሰናብቶታል። አላሳፍረውም፣ እማማ።»

ባልቴቷ ቃል የሚያጥፍ ሰው አትወድም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰደበችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

«ደግ አደረግሽ» አለቻት። ይኸው፣ ፊት ለፊት ማመስገን ጀመረች፤ ያውም ለመሄዷ።

ጋጋሪው ስልኩን ተቀብሎ መዶሻውን አነሣ። «እኔ ልምታልዎት?»

«አንተ ሊጥህን ምታ። ዛሬ ፍልጥ የለም።»

«ነገስ?»

«ነገም የለም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

ሄደ። ባልቴቷ ግንዱ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ገጀራው እንደተቀረቀረ ነው። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ማንም የለም። አፏን ልትፈትነው ፈለገች መሰለኝ፣ ጮክ ብላ «ቅሪ» አለች።

ምንም አልከበዳትም።