ሣሩ ላይ የወደቀው ጥላ

ጪው። ጪው። ጪው ጪው ጪው።

ድምፁ የመጣው ከእንሰቱ ወዲያ ነው። እኔና ጋሽ ሰይፈሥላሴ ካሜራውን ከቦርሳው እያወጣን ነበር። ቀና ብለን አየን፤ ከሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

«ጫጩት ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

«ጫማ ነው ጋሼ። ሲረግጡት የሚጮኸው፣ የልጆቹ።»

«እሱን የፈጠረ ሰው ጎረቤቶቹን የሚጠላ መሆን አለበት።»

ቅጠሉ ተገለጠና ኢልሃም ብቅ አለች። የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቢጫ ቀሚስ፣ ቀይ ጫማ፣ ጉልበቷ ላይ የትናንት ጭረት። እኛን አየች፣ ካሜራውን አየች፣ ከዚያ አባቷ እግር ሥር ተሸጎጠች። አባቷ ናስረዲን ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል፤ ግቢውም የእሱ ነው።

ያ ጠዋት ለእኔ ለምን ትልቅ ነገር እንደነበረ ልናገር። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ ሦስት ዓመት የሠራሁት ጋሽ ሰይፈሥላሴ ፎቶ ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው። ሥራዬ የጉርድ ፎቶ ማሳመር ነው፤ ኮሌታ አቀናለሁ፣ ብጉር አጠፋለሁ። የከተማውን ሰው ፊት በሙሉ አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ልላቸው እልና እነሱ እንደማያውቁኝ ትዝ ይለኛል።

ከሥራ ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ። በሁለት እጆቼ ጣቶች አራት ማዕዘን ሠርቼ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ሕፃናት በዚያ ውስጥ እያየሁ እሄዳለሁ። አንዲት ሴትዮ አስቁማኝ «መሬቱን ልትሸነሽነው ነው?» ብላኛለች። የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን ይዞ ወደ ደጅ መውጣት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ደግሞ የሚያምኑት ግድግዳቸው ላይ በተዘረጋው የፏፏቴ መጋረጃ ብቻ ነው። «የደጅ ብርሃን አይታዘዝም» ይላሉ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ናስረዲን መጣ። እናቱ የሚኖሩት ዶዮገና ነው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ወደዚህ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። «እናቴ ልጄን ስትስቅ አይታት አታውቅም» አለ። «ፏፏቴውን ተዉትና እቤታችን ደጅ፣ ስትስቅ አንሱልኝ።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ፏፏቴያቸውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኘ፣ አንድ ጠዋት ሰጥቼሃለሁ። ከተሳካልህ ካሜራው ደጅ ይወጣል፤ የምትይዘውም አንተ ነህ። ካልተሳካልህ ወደ ጉርድህ ትመለሳለህ፤ ሁለተኛ ስለ ዛፍ አታወራኝም።»

መጀመሪያ እንሰቱ ሥር አቆምኳት። በሕልሜ ያየሁት እንደዚያ ነበርና። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው የካሜራውን ስክሪን አዩ።

«ቆስጣ አስመሰልካት።»

እውነታቸውን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ፊቷን አረንጓዴ አድርጎታል። ወደ ገላጣው ሣር ወሰድናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ ከጀርባችን ናት፣ ገና ከፍ አላለችም። ቁመቷን ለመስተካከል በርከክ አልኩ። ኢልሃም ክትባት እንደምትጠብቅ ሰው ደርቃ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆመች።

«ሳቂ ኢሉ! ሳቂ እንጂ!» አለ ናስረዲን፣ ፖሊስ በሚያዝበት ድምፅ።

ዓይኗን ይበልጥ አፈጠጠች።

«ብስኩት እሰጥሻለሁ።»

«አሁን» አለች።

ናስረዲን ብስኩት ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። እኔ ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ ፊቷን ብቻ አያለሁ። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርዳል። ይህቺ ልጅ ካልሳቀች ዕድሜዬን ኮሌታ ሳቀና ልጨርስ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ መሀል ከኋላዬ፣

«ኩኩሉ ሉ ሉ!»

ኢልሃም ወደ እኔ አልነበረም ያየችው። ከእግሯ ሥር ሣሩን አየች፣ በጣቷ ጠቆመች፣ ከዚያ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ አፍንጫዋ ተጨማዶ፣ ያሉትም የሌሉትም ጥርሶቿ ታይተው ሳቀች። አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ። ዘወር ስል ጋሽ ሰይፈሥላሴ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«ምን ታያለህ? ሥራህን ሥራ» አሉኝ።

እኚህ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ሣሩ ላይ አንድ ረጅም የሰው ጥላ ተጋድሟል። ክርኖቹ እንደ ክንፍ ተዘርግተዋል፣ ባርኔጣው የአውራ ዶሮ ኩክኒ ይመስላል፣ ጫፉ ቀይ ጫማዋን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ ደግሞ ይህንን ነው፤ የፎቶ አንሺ ጥላ ፎቶ ውስጥ አይገባም። ጥላ ያለበት ፎቶ የተበላሸ ፎቶ ነው።

አጠፋሁት። ከሣሩ እየቀዳሁ በጥላው ላይ ሣር ተከልኩ፤ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብኝ። የተጨፈነ ዓይንም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ካፈጠጠችበት ፎቶ ዓይኗን አምጥቼ ገጠምኩላት። ጭረቷንም አዳንኩት። ሲያልቅ ካላንደር ላይ የሚወጣ ልጅ መሰለች። ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማው ጪው ጪው እያለ ደረጃችንን ወጣ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጠረጴዛቸው ጋ ተቀምጠዋል። ናስረዲን ፎቶውን ተቀብሎ አራቀው፣ አቀረበው።

«ቆንጆ ነው... ቆንጆ ነው። ግን በምንድነው የምትስቀው?»

ጣቱን ከእግሯ ሥር ወዳለው ሣር ቀሰረ።

«ሣሩ ላይ እኮ ምንም የለም። እናቴ ይህን ካየች ልጅቷን ምን ነካት ብላ ዱዓ ነው የምታስደርገው።» ኢልሃምን አቅፎ አነሳት። «ኢሉ፣ ማን ናት ይቺ?»

ኢልሃም ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አላውቃትም» አለች። ቀጥላ በቁጣ፣ «ቀሚሴን ለብሳብኛለች!»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ዳኘ። ሌላ የለህም?»

የጉርዶቹ ክምር ከጎኔ ነበር። የለኝም ብል ወደዚያ ነው የምመለሰው። አለኝ ካልኩ ደግሞ ጌታዬን በደንበኛቸው ፊት ዶሮ አድርጌ ላወጣቸው ነው።

«አለ ጋሼ። ግን... ጥላ አለበት።»

«የማን ጥላ?»

ያልተነካውን ፎቶ ከፈትኩና ስክሪኑን አዞርኩት።

«ዶሮው!» ጮኸች ኢልሃም። «አባቢ፣ ትልቁ ዶሮ!»

ናስረዲን ስክሪኑን አየ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን ባርኔጣ አየ። ጋሽ ሰይፈሥላሴን አየ። ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን አልቻለም፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ።

«ጋሽ ሰይፈ! እርስዎ ነዎት እንዴ? በአላህ!» ዓይኑን ጠረገ። «የምፈልገው ይሄንን ነው። አንተ፣ እንዳትነካው! ዓይኗም እንደተጨፈነ፣ ጭረቷም እንዳለ። አንድ ለእናቴ፣ አንድ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ልሰቅለው።»

«ሱቅ?» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ።

«ገበያተኛው ሁሉ እንዲያየው!»

ፕሪንተራችን ቀርፋፋ ነው። ፎቶው ጣት በጣት እየወጣ እያለ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ተነስተው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። መጀመሪያ የተጨፈኑት ዓይኖች ወጡ፣ ከዚያ ጭረቱ፣ ቀዩ ጫማ፣ በመጨረሻ ባርኔጣውና ሁለቱ ክርኖች። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

ፎቶውን በጠርዙ ይዘው ናስረዲን ፊት አኖሩት። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ካሜራውን አወጡ፤ አምጥተው ከኪቦርዴ ላይ አስቀመጡት፣ ማንገቻውን ወደ እኔ አድርገው። ባርኔጣቸውን ከምስማሩ አነሱ። አገላብጠው አዩት፣ አጠለቁት።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ጉርድ የሚነሱ ሰዎች ውጭ እየጠበቁ ነው እኮ።»

«ደጅ። ካሜራው እጅህ ላይ ነው» አሉና በሩን ከፈቱ። ኢልሃም ጪው ጪው እያለች እስከ ደፉ ተከተለቻቸውና እጇን አወዛወዘች። እሳቸው በተሰለፉት ባጃጆች መሀል አልፈው፣ ወደ ቤታቸው በማይወስደው መንገድ ሄዱ።