ተነሺ

ቀመሪያ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ነበር። ከእሷ በፊት የሚገባው የፊዚክስ መምህር የጻፈውን እንዳለ ትቶ ስለሚሄድ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚጀምረው በጽዳት ነው። ነጭ ውሃ ክንዷን ይዞ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ሰሌዳው ሲደርቅ በስተግራ «እድገት»፣ በስተቀኝ «ልማት» ብላ ጻፈችና መሀላቸው መስመር አሰመረች። የኢኮኖሚክስ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ግን ነገሩ የሚገባቸው በአማርኛ ሲነገራቸው ነው።

«ወደዚህ ከመግባታችን በፊት» አለች ዞር ብላ፣ «ሦስቱ መሠረታዊ የኢኮኖሚ ጥያቄዎች ምን ነበሩ?»

እጅ ያወጣ የለም። ዓይኗ መስኮት ዳር የተቀመጠችው ሴና ላይ አረፈ።

«ሴና፣ ተነሺ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«እሷማ ድሮ ተነስታለች፣ ቲቸር!» አለ ኢስማኢል ከኋላ። «ልማት ነው ያስነሳት!»

ሴና የላፍቶው ገበሬ የአቶ በንቲ ልጅ ናት። ከሁለት ወር በፊት ቤታቸውና ማሳቸው ለአፓርታማ ግንባታ ተፈልጎ ቤተሰቡ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት ነበር። ላሞች ደረጃ አይወጡምና ሰባቱም በአንድ ሳምንት ተሸጡ። ከዚያ ወዲህ በሚጻፍላቸው ደብዳቤ ሁሉ መጠሪያቸው «የልማት ተነሺ» ሆኗል። ቀመሪያ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀችም ቃሉ ከአፏ አመለጣት፤ ከዚያም የባሰው መጣ፦ ሳቁ እሷንም ነካት። ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ነክሳ ያዘችው። ያየባት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ራሷን ተጠየፈች።

«ኢስማኢል፣ ዝም በል!» አለች፤ ድምጿ ከምትፈልገው በላይ ቀጠነ።

ሴና ቆማለች። «ምን ይመረት፣ እንዴት ይመረት፣ ለማን ይመረት።»

«ጎበዝ። ከሦስቱ የትኛው ይከብዳል ትያለሽ?»

«ለማን የሚለው።»

«ለምን?»

«እሱን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም፣ ቲቸር።»

«ኧረ በለው!» አለ ኢስማኢል። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ሴና ማንንም ሳታይ ተቀመጠች።

ደወሉ እንደተደወለ ዳይሬክተሩ አቶ ሚሳኤል ቀመሪያን አስጠራት። ቢሮው ገና ያልደረቀ ቀለም ይሸታል። ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ፤ አፓርታማውን የሚሠራው ድርጅት ለትምህርት ቤቱ ሃያ ኮምፒውተሮች ያስረክባል። አቶ ሚሳኤል ሳምቡሳ እየበላ ነበር። ሳምቡሳው የተቀመጠው በተማሪ የመልስ ወረቀት ላይ ነው፤ ዘይቱ ተስፋፍቶ የልጁን ስም አልፎ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደርሷል።

«ግቢ፣ ቲቸር ቀመሪያ፣ ግቢ። ብዪ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«እንግዲህ ዓርብ አንድ ንግግር በተማሪ ይነበባል። የምስጋና። አንቺ ትጽፊዋለሽ፣ ያቺ የበንቲ ልጅ ታነበዋለች።»

«ሴና?»

«እሷን ነው የሚፈልጉት። የተነሺ ቤተሰብ ልጅ ወጥታ ስታመሰግን፣ ካሜራም አለ፣ ገብቶሻል? አንድ ገጽ ይበቃል። እንባ ቢጤ ጣል ብታደርጊበት ደግሞ አሪፍ ነው።» ጣቶቹን በወረቀቱ ንጹሕ ጠርዝ ጠረገ።

ቀመሪያ ጣቶቹን ላለማየት ግድግዳውን አየች። «እሷን ጠይቃችኋታል?»

«ልጅ አይደለች እንዴ? ምን ትጠየቃለች! ደስ ይላታል።»

«ላሞቻቸውን ሸጠው እኮ ነው የገቡት፣ አቶ ሚሳኤል። አባትዬው የሚያውቀው ሥራ እሱ ብቻ ነበር።»

«ከጭቃ አልወጡም? የቧንቧ ውሃ፣ መብራት፣ ፎቅ! ይሄ እድገት አይደለም? አንቺ አይደለሽ እንዴ ይሄን የምታስተምሪው!»

«እድገት ነው» አለች፤ ልማት ነው አላለችም።

ሰውየው የተስማማች መሰለውና ሳቀ። ጥርሱ መሀል ምስር ተሰክቷል። «በይ፣ እስከ ነገ ጠዋት አድርሺልኝ። ለክረምቱ የማስተርስ ትምህርት የጠየቅሽውን የድጋፍ ደብዳቤም አልረሳሁትም። ዓርብ በሰላም ይለፍና እፈርምልሻለሁ።»

ቀመሪያ ለዚያ ትምህርት ሁለት ክረምት ጠብቃለች። «እሺ» አለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ነው ያለችው ለራሷ የተሰማት። ማለት የፈለገችው እሱን አልነበረም፤ ከአፍ የሚቀድም ቃል ነውና ቀደማት። በአንድ ቀን ሁለተኛዋ ነው። አፏን ልትጉመጠመጥ ወደ ቧንቧው ሄደች።

ሴናን እዚያ ውሃ መጠጫዋን እየሞላች አገኘቻት።

«ሴና፣ ቅድም... እንዲያ ብዬ መጥራት አልነበረብኝም። ይቅርታ።»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ ቲቸር። ሌላ ምን ብለው ይጠሩኛል? ወንድ ብሆን ነበር የሚሻለኝ፤ 'ተነስ' ይሉኝና እተርፍ ነበር።» ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ቶሎ ጠፋ። «የዓርቡን ነግረውኛል። እምቢ ማለት ይቻላል?»

«ማንበቡ ያስፈራሻል?»

«ማንበብስ አልፈራም። አባዬ ነው። ካሳውን እስካሁን አልፈረመም። የመሬቱን ልክ አሳንሰውብኛል ብሎ አቤት እያለ ነው፤ ሰኞ ቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ይቀርባል። እኔ ዓርብ በካሜራ ፊት አመሰግናለሁ ካልኩ ሰኞ ምን ይሉታል? 'ልጅህ በአደባባይ አመስግና የለም ወይ፣ አሁን ምን ቀረህ?' አይሉትም?»

ቀመሪያ ዞር ብላ የዳይሬክተሩን ቢሮ በር አየች።

«አባዬን ደግሞ ጠርተውታል» አለች ሴና። «ከፊት ወንበር ትቀመጣለህ ብለውት ኮት ሊዋስ ጎረቤት ሄዷል። ለምን እንደጠሩት አያውቅም። ሽልማት ያገኘሁ መስሎታል።»

ውሃው ሞልቶ በልጅቷ ጣቶች ላይ ይፈስ ጀመር። ቀመሪያ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋችው።

«ንገሪው» አለች። «ዛሬውኑ ንገሪው። የቀረውን ለኔ ተዪው።»

መምህራን ክፍል ገብታ ነጭ ወረቀት አወጣች። ለትንሽ ጊዜ አቶ ሚሳኤል ዘንድ ተመልሳ በቃል ልትነግረው አሰበች። ግን ታውቀዋለች፤ ይስቃል፣ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፣ ዓርብ ልጅቷን እጇን ይዞ መድረክ ላይ ያወጣታል። እዚህ ቤት በቃል የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ነው። ስለዚህ ጻፈች፦

«ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። ተማሪ ሴና በንቲ ዓርብ በሚደረገው የርክክብ ዝግጅት ላይ የምስጋና ንግግር እንድታነብ ተጠይቃ ፈቃደኛ አለመሆኗን ገልጻልኛለች። እኔም ንግግሩን የማልጽፍ መሆኔን አሳውቃለሁ።»

ፈረመችበት። አጭር ሆነባት፤ ደግማ ስታነበው ግን የሚጨመር አላገኘችም። ከግርጌው ዝቅ ብላ «ግልባጭ፦ ለአቶ በንቲ» ብላ ጻፈችና ሁሉንም በሌላ ወረቀት ላይ ደግማ ገለበጠችው።

መዝገብ ቤቱን የምትይዘው ሀኒፋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቀመርዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«የድጋፍ ደብዳቤሽ ተፈረመልሽ?»

«አልተፈረመም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ሰኞ አስገቢው። ዓርብ ልጅቷ አመመኝ ብላ ትቀራለች፣ ያልቃል።»

«አመመኝ ካለች እዚያው ቆመው ስሟን ጠርተው በእሷ ፋንታ ያመሰግናሉ። እምቢ ማለቷ ይመዝገብላት።»

«እሺ፣ ግልባጩስ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?»

«ሰኞ ይዞት ይገባል። ልጅህ አመስግናለች ካሉት ያሳያቸዋል። ማህተም ከሌለበት ግን ማንም አያየውም።»

ሀኒፋ በሩን አየች። ከዚያ የገቢ መዝገቡን ገልጣ ቀኑን ጻፈች፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ቁጥሩን በሁለቱም ወረቀቶች ራስጌ ላይ ገለበጠች። ማህተሙን ቀለም ላይ ጫን አድርጋ አንዴ ዋናው ላይ፣ አንዴ ግልባጩ ላይ መታች። ግልባጩን ለቀመሪያ ሰጠቻት። ዋናውን ለዳይሬክተሩ በሚገባው አቃፊ ውስጥ ከላይ አስቀመጠች፣ አቃፊውን ዘጋችና ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረገችው።