ሞላው እስኪቀየር

የኪቲላ መኪና ቀይ ናት። ስፖርት ናት፣ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ መቀመጫ የሚሉት ነገርም አላት፤ ዘንቢል ቢቀመጥበት ዘንቢሉ ያማርራል። አባቱ በቡና ንግድ ያፈሩትን እሱ በመቱ ከተማ አስፋልት ላይ ሲያመላልሰው ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሥራ የዋለ ሰው ይመስል "ደከመኝ" ይላል።

ይህን ሰው ላገባው ነበር። ሽማግሌ ይልካል ብዬ አራት ዓመት ጠበቅኩት። እኩዮቼ ወልደው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። እሱ ግን ከእኔ የሚብስ ጭንቀት ነበረበት፤ የመኪናዋን ሞላ ይቀይር ወይስ አይቀይር?

"ኮይሎቨር ይባላል" አለኝ አንድ ቀን፣ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ። ከኋላው በሽተኛ ቆሞ ያስላል። "እንደ ድሮው ሞላ አይደለም። እንደፈለግሽ ከፍ ዝቅ ታደርጊዋለሽ።"

"ከፍ ልታደርጋት ነው?" አልኩት፣ የመንገዳችንን ጉድጓድ አስቤ።

ሳቀብኝ። "ዝቅ ነው እንጂ ዱሬ! መሬት እየላሰች ነው የምትሄደው።"

"ሽማግሌውስ?"

"በዚህ ቁመናዋ አባትሽ ደጅ አላቆማትም። መጀመሪያ ሞላው ይቀየር።"

የሚዳረው እሱ ነው ወይስ እሷ? አልኩ በልቤ።

ክረምቱን ሙሉ ሲያስብ ከረመ። አስቦ የማያውቅ ሰው ማሰብ ሲጀምር ደግሞ አገር አያስተኛም። እስከ ጎረቤታችን ቡሬ ድረስ እየነዳ ሰው አማከረ። ባለ ጋራዡን ሀምዱን አሰለቸው። ሀምዱ በመጨረሻ "እኔ ምን ቸገረኝ፤ አውርድ ካልከኝ አወርዳለሁ። ሲሰበርም እኔው ጋ ነው የምትመጣው" አለው። ኪቲላ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠረው፤ ወሰነ።

ዕቃው ከዱባይ መጣ፣ ተገጠመ። የመኪናዋ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ኪቲላ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጭኖ ሁሩሙ ከተማ፣ አባቴ ቤት ሊያመጣቸው ተነሳ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው አብሮ አይመጣም፣ ነውር ነው። ግን መኪናዋ ሳትታይ እንዴት ይሆናል!

እኔ ከጓዳ ሆኜ ደጁን አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በእግራቸው መጡ፤ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፣ አንደኛው ወገባቸውን ይዘዋል። አባቴ ደጅ ወጥተው እንደ ወጉ ጠየቁ፤ "ምን እግር ጣላችሁ?"

"የራሳችን እግር!" አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ፣ የሽማግሌዎቹ አንጋፋ። "መኪናውማ ታች ቱቦው ላይ ሆዱ ተሰቅሎ ቀርቷል። 'ክብደታችሁ ነው፣ ውረዱልኝ' ብሎ አወረደን ልጁ።" የመጡበት ጉዳይ ድንገት ትዝ አላቸውና ቶሎ ብለው ጨመሩ፤ "ጨዋ ልጅ ነው።"

አባቴ አልሳቁም። እኔ በጓሮ ወጥቼ ወደ ቱቦው ወረድኩ።

ኪቲላ በሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ ተንጋሎ፣ ግማሽ አካሉ መኪናዋ ሥር ገብቷል። አባቴን መንገድ ላይ ሲያገኝ አንገቱን እንኳ ዝቅ አድርጎ ሰላም ብሎ የማያውቅ ሰው! ከዚያ በፊት ተናድጄበት አውቃለሁ፤ አልቅሼበትም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ናቅኩት፤ ስንቀው ደግሞ ቀለለኝ።

የእግሬን ኮቴ ሰማ። "ማነህ? ያንን ክሪክ አቀብለኝ እስቲ!"

ከአጠገቡ የወደቀውን ክሪክ አንስቼ አቀበልኩት። እጄን አይቶ ብቅ አለ።

"ዱሬ! አንቺ ነሽ? ሽማግሌዎችሽ ጉድ ሠሩኝ፣ እዪው! አሁን ትንሽ ከፍ ላድርጋት ወይስ እንዲሁ ትሁን?"

አባትሽ ምን አሉ አላለኝም።

"እሱን አንተው አስብበት" ብዬው ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መልስ ሳይሰሙ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አባቴ ሲያዩኝ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

"ጋሼዎቹ እግራቸውን ይታጠቡ፤ ምሳ ይብሉና በሚኒባስ እንሸኛቸው።"

"ልጁስ?"

"ለእሱ ክሪኩን አቀብዬዋለሁ፤ ከእኔ የሚደርሰው ያ ብቻ ነው።"