አልፈታ ያለው ቡፌ

ቡፌው የበሩ መቃን ላይ ተቀረቀረ። ከውጭ ያሉት ጫኝና አውራጆች "ግፉ" ይላሉ፣ ከውስጥ ያሉት "ሳቡ" ይላሉ፣ እሱ ግን የማንንም አልሰማም ብሎ ቆሟል።

"መልሱት በቃ፤ ቤቱን ነቅላችሁ ልትወጡ ነው" አለች ምስጥ።

ምስጥ ያሏት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው። እንጨት ካየች ሳትዳብስና ሳታሸት አታልፍም፤ መሳቢያ ሳትገለብጥ ዋጋ አትጠራም። ስሙን ለስድብ ቢያወጡላትም ወዳዋለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ራሷ ትቀልድበት ነበር። ዛሬ ግን ደሟ ፈልቷል። ጠዋት የተጀመረ ሥራ እኩለ ቀን አልፎም ፈቅ አላለም።

ታናሽ ወንድሟ የጭነት መኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ግድግዳውን ተደግፏል።

"እትዬ፣ የአባባን ሕግ ላስታውስሽ?"

"አፍህን ዝጋ።"

"ትልቅ ዕቃ ካልተፈታ አሮጌ አይደለም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አባባ ነው።"

ሕጉ እውነትም የአባታቸው ነው። የጥንት አናጺ ሞኝ አልነበረም፣ ቤት በር እንዳለው ያውቃል ይሉ ነበር፤ ትልቅ ቡፌ ሲሠራ ላይና ታቹን ለየብቻ አድርጎ በእንጨት ችንካር ያያይዘዋል፣ ቤት የለቀቀ ሰው ችንካሩን ነቅሎ ለሁለት ከፍሎ ይዞት ይሄዳል። አንድ ወጥ ሆኖ የቆመ ግዙፍ ቡፌ ካያችሁ ግን፣ የፈለገውን ያህል አርጅቶ ቢታያችሁ፣ አትንኩት።

አባታቸው ሲሞቱ ሱቁንና ከገበያው ጀርባ ያለችውን መጋዘን ለሁለቱ ተዉላቸው። እንዳይካፈሉትም አስማሏቸው። ከዚያ ወዲህ እሷ አሮጌ ዕቃ ታመጣለች፣ እሱ ከፋብሪካ የወጣ ሶፋ ያመጣል፤ በዚያች ጠባብ ሱቅ የእሷ ጠረጴዛ የእሱን ሶፋ ይጋርዳል፣ የእሱ ሶፋ የእሷን መተላለፊያ ይዘጋል፣ እነሱም ሲነታረኩ ይመሻል። በቅርቡ ደግሞ "የጥንት ነው" ብላ የሸጠችው ጠረጴዛ ሆዱ የፋብሪካ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ተገኘና ገዢው ገበያው እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኸባት። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ወንድሟ፣ "ይሄም እንደዚያኛው ከሆነ አሮጌ የሚባል ነገር ከሱቁ ይውጣ፣ ሶፋ ብቻ እንሽጥ" ሲላት በእልህ "እሺ" አለችው።

"እባካችሁ፣ የቤቱን ቁልፍ ዛሬ ማስረከብ አለብኝ" አለ ቡፌውን የሸጠላት የባንክ ሠራተኛ። የወላጆቹ ቤት ተሸጧል። እናቱን ወደ አፓርታማው ሊወስዳቸው ነው፤ ቡፌው ግን እዚያ አይገባም። እናትየው መስኮቱ ሥር፣ በታሰሩ ጓዞች መሀል ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

"እማዬ፣ ውጭ ብትቀመጪ አይሻልም? አቧራው አያንቅሽም?"

"የገዛ አቧራዬ ነው። ለምጄዋለሁ።"

ቡፌውን ወደ ሳሎኑ መለሱት። ምስጥ ባትሪዋን አብርታ እንደገና ከሥሩ ገባች። የመሳቢያው ሥር በእጅ መላጊያ የተላገ ነው፤ በጣቷ ስትዳብሰው ከፍ ዝቅ ይላል። ማዕዘኑ ላይ የተቆላለፉት የእንጨት ጥርሶች አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው፤ ማሽን እንዲህ አይቆርጥም። የጀርባው ሳንቃዎች ስፋታቸው ለየቅል ነው። መሳቢያ ስባ ስታሸተው የሚመታት የቆየ እንጨት ሽታ ነው፣ ቫርኒሽ አይደለም። ላይና ታቹ የሚገናኙበት መስመርም በግልጽ ይታያል። ችንካሮቹን ጠዋት በገዛ እጇ ነቅላ ኪሷ ከታቸዋለች። ታዲያ ለምን አይለቅም? ከጫኞቹ ጋር ሆና ላዩን አነሳችው፤ ታቹም አብሮ ተነሳ። በመዶሻ ጎኑን መታችው፤ የላይኛው በር መስታወት ብቻ ተንቀጫቀጨ።

"ችንካሩ ለማስመሰያ ነው። ዛሬ ዛሬ ያንንም ይሠሩታል" አለ ወንድሟ።

"ታዲያ በየት በኩል ገባ?" አለ የባንክ ሠራተኛው።

"እዚሁ ሳሎን ውስጥ የሠፈር አናጺ ገጣጥሞት ነዋ።"

"እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚህ ነው የማውቀው።"

"እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?" አለ ወንድሟ። ጫኞቹ ሳቁ።

ምስጥ አልሳቀችም። ጣቶቿ አሮጌ ነው እያሉ ይምላሉ፣ የአባቷ ሕግ አይደለም ይላል፤ የትኛውን ትመን? ባለፈው ጣቶቿን አምና ተዋርዳለች። ከቡፌው ሥር ስትወጣ ጭንቅላቷን መሳቢያው መታት፤ ማልቀስ አማራት፣ ግን ወንድሟ ፊት አታደርገውም።

ወንድሟ ከመኪናው መጋዝ ይዞ መጣ። "መስመሩ ላይ እንቁረጠውና እንገላገል። ሰዎቹ መሽቶባቸዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዳይሉሽ።"

"ተቆርጦ ምን ይረባኛል?"

"ሳይቆረጥስ ምን ረባሽ?"

"ለእኔ ግድ የለኝም" አለ የባንክ ሠራተኛው። "ብቻ ይውጣልኝ።"

መጋዙን ተቀበለች። ሌላ ሰው ከሚቆርጠው እሷ ብትቆርጠው ይሻላል፤ ቢያንስ መስመሩን አትስትም። ተንበርክካ ጥርሱን እንጨቱ ላይ አሳረፈችው።

"ልጄ፣ መጋዙ ምስማር ላይ ይሰበርብሻል" አሉ እናትየው።

ምስጥ ቀና አለች። "የምን ምስማር፣ እማማ?"

"የታችኛውን በር ክፈቺና የውስጥ ጣሪያውን በቢላ ፋቂው። ስቱኮ ለቅልቆ ቀለም ቀብቶበታል።"

ምስጥ በቢላ ፋቀች። ቀለሙ ተላጠ፣ ስቱኮው ረገፈ፣ የምስማር ራስ ብቅ አለ። ከአጠገቡ ሌላ። ዙሪያውን ምስማር ነው፤ ሰው እንዲህ አድርጎ የሚመታው ሲናደድ ብቻ ነው።

"እማዬ!" አለ ልጃቸው። "ከጠዋት ጀምሮ እያየሽ ዝም አልሽ?"

"እሷ እንጨቱን ስትጠይቅ ዋለች፣ አንተ ሰዓትህን ስትጠይቅ ዋልክ። እኔን ማን ጠየቀኝ?" ሻያቸውን ፉት አሉ። "ደግሞ ትንሽ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ይሄ ቡፌ እኔንም ያኔ አናዶኛል እኮ።"

ምስጥ ጉጠት ይዛ እንደተንበረከከች፣ "ማን ነው የመታው?" አለች።

"አባቱ ነዋ። ቡፌውን እኩል አዋጥተን ነው የገዛነው፤ ያኔም አሮጌ ነበር። አንድ ቀን ተጣላንና 'የላይኛው ግማሽ የእኔ ነው፣ ይዤው እናቴ ቤት እሄዳለሁ' አልኩት። ሸካሚ ልጠራ ወጣሁ። ስመለስ ቸንክሮታል። 'በይ አሁን ውሰጂው' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ኖርን። ልጅ ወለድን፣ አረጀን፣ ቀበርኩት።" ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። "እሱ ምስማሩ ያስቀረኝ መስሎት ነው የሞተው። የቤቱ በር መች ተቸነከረ? መሄድ ብፈልግ ባዶ እጄን እሄድ ነበር። ባይመታውም እቀር ነበር፤ ይሄን ሳልነግረው ሞተ። ያ ነው የሚቆጨኝ።"

ልጃቸው ሰዓቱን ማየት ተወ።

ምስጥ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ዝገዋል፤ እየጮኹ ነው የወጡት። የመጨረሻው ሲነቀል ጫኞቹ ላዩን አነሱት፤ ያለ ምንም ግርግር ተነሣ። ከሥሩ ለዓመታት ብርሃን ያላየ ንጹሕ እንጨት ታየ፤ አናጺው የትኛው ጫፍ ከየትኛው እንደሚገጥም እንዲያውቅ በመሮ የጫረው ምልክት ሳይቀር አለ። እንደዚህ ዓይነት ምልክት አባቷ በልጅነቷ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋት ነበር ያሳዩዋት።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየው። ምልክቱን እሱም ያውቀዋል። "እሺ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሸነፍሽ። አሮጌ ነው።"

ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ነገ ይህን ቡፌ ሱቅ ሲያስገቡ የማን ዕቃ ይነሣ ብለው ይጣላሉ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። እንጨቱን ዳበሰችው። ችንካሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ ያን ሁሉ ዘመን አልፎም ደህና ነው። ምስማር የገባበት ሁሉ ግን ተሰንጥቋል፤ አንዱ ስንጥቅ እስከ ጠርዙ ሄዷል።

"ምስማሮቹን ለእኔ ስጪኝ" አሉ እናትየው። ምስጥ በመሀረብ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ዘጉት።

"የትኛው ቀድሞ ይጫን?" አለ አንደኛው ጫኝ።

"ደስ ያላችሁ። ለየብቻ ብቻ ይሁን። ሱቅ አይደለም የሚወርደው፣ መጋዘን ነው።"

"መጋዘን?" አለ ወንድሟ። "ማን ያየዋል እዚያ?"

ምስጥ የቁልፍ መያዣዋን አወጣች። የሱቁን ቁልፍ ከቀለበቱ ለማውጣት ጥፍሯን ታገላት፤ ወጣና ዘረጋችለት። "ሱቁን አንተ ያዘው። ሶፋህን እንደ ልብህ ዘርጋው። መጋዘኗ ለእኔ ትበቃኛለች፤ አሮጌ የሚፈልግ ሰው ፈልጎ ይመጣል።"

"እትዬ፣ አባባ እኮ አስምሎናል።"

"አውቃለሁ። አባባ የፈራው እንዳንለያይ ነው። እኔ የት እሄዳለሁ? ቤቴን ታውቀዋለህ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ።"

ወንድሟ ቁልፉን አየው፣ ከዚያ መሬት ላይ ለየብቻ የተቀመጡትን ሁለት ግማሾች አየ። ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። መጋዙን ወደ ጎን ገፋ አደረገና የታችኛውን ግማሽ በአንድ በኩል ያዘ።

"በይ እንግዲህ፣ ያንቺን ጫፍ ያዢ" አላት።