ዝንጉርጉር ሳሙና

«ደጅ ላይ ቆሟል» አለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ባዶ ብርጭቆዎች የሞሉበትን ትሪ ይዛ ማድ ቤት እየገባች። «ወንድምሽ። አይገባ፣ አይሄድ።»

ታላቋ ልጅ ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። «ይቁም። እሱ መቆሚያ እግር አለው። እግር ያሳጣው እማዬን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን አስቀምጣ ተመለሰች። ለቅሶ ቤት ምክር አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሰሚ ነው።

ሳሎን ውስጥ የሟች አባቷ የድሮ ተማሪዎች፣ ራሰ በራ የሆኑት ሳይቀሩ፣ «መምህር ሳሙና» እያሉ በሹክሹክታ ያነሷቸዋል። እናትየው ክራንቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጣሉ። ቅጽል ስሙ የወጣው ከኬሚስትሪ ክፍል ነው። መምህሩ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣ እጃቸውን በዘይት ይለውሱና ውሃ አፍስሱልኝ ይላሉ። ውሃው ዘይቱን ሳይነካው ተንከባሎ ይወርዳል። ያኔ ሳሙና ያነሳሉ።

«የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፏ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፏ ዘይት ይወዳል። ሁለቱንም ስለምትይዝ ነው የማይታረቁትን የምታስታርቀው።»

እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ያንኑ ሳሙና ይዘው ልጆች ፊት ይቆሙ ነበር። «ንጹሕ ነኝ ብሎ ከዕቃው ያልወጣ ሳሙና ያምራል። ግን ማንን አጠበ? ክርስቲያንም በአንድ እጁ አምላኩን ይዞ፣ በሌላው ያደፈውን ሰው ካልያዘ፣ ጌጥ ነው።»

«አባዬ፣ ግን እኮ ሳሙናው ያልቃል» ብላቸው ነበር ታላቋ ልጅ፣ ያኔ ትንሽ ሳለች።

«ታዲያ ለምን ተሠራ?» ብለው ሳቁ።

ቤት ውስጥም ቁርጥራጭ ሳሙና አያስጥሉም። አጠራቅመው በአሮጌ ጣሳ ያቀልጡና ዝንጉርጉር አድርገው ይጋግሩታል፤ ሳይደርቅ አውራ ጣታቸውን ይጫኑበታል፣ እንዳያሟልጭ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን ኪሳቸው ከትተው «እግሬን ላፍታታ» ብለው ይወጡ ነበር። ሳሙና ለእግር ጉዞ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰውየው ሳሙና ናቸው።

ወንድሟ ሰክሮ የአባቱን መኪና የገለበጠው እናቱን አሳፍሮ ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «የአባዬን ደጃፍ እንዳትረግጥ» ያለችው እሷ ናት። አባቷ አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ዝም አሉ። ዝምታቸው ስምምነት መሰላት። ከዚያ ወዲያ አባቷ ሲታመሙ ብቻዋን አስታመመቻቸው፣ ቂሟንም አብራ አስታመመችው።

«ልጄ» አሉ እናትየው በክራንቻቸው ማድ ቤት ደርሰው። «እግሩ የኔ ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አንቺ በማን እግር ነው የምታኮርፊው?»

እጇን አደራረቀችና ወጣች፣ ልታባርረው።

ወንድሟ የጋራዥ ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁ እስከ ክንዱ በግሪስ ጠቁሮ ቆሟል።

«ለቅሶ እንዲህ ሆኖ ይመጣል?»

«ቤት ሄጄ ልታጠብ ካልኩ ወኔ ይከዳኛል ብዬ ነው፣ እትዬ።» ከኪሱ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣና ፈታው። ውስጡ የሳሳች ዝንጉርጉር ሳሙና ነበረች፤ የአባታቸው አውራ ጣት ጎድጓዳ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ይመጣ ነበር። እንደ ሕፃን ራሱ ነው እጄን የሚያጥበኝ። ጠጥቼም ካገኘኝ ያጥበኛል፣ አይቆጣም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ መጠጡን ተውኩት። ‹መቼ ነው ቤት የምትወስደኝ?› ስለው፣ ‹እኔ ከከፈትኩልህ በጓሮ እንደገባህ ነው፤ እህትህ ትክፈትልህ› ይለኝ ነበር።»

ተናደደች። በአባቷ ተናደደች፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ ሲደብቋት! ወዲያው ደግሞ የሆስፒታሉ ዝምታ ምን እንደነበር ገባት፤ ሲጠብቋት ነው የሞቱት። እንባዋ መጣ።

«ታዲያ በሱ አትታጠብም ነበር?»

«የመጨረሻዋ ናት። ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ጨርቁን ተቀበለችው። የቆሸሸ ክንዱን ይዛ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወሰደችው፤ በሩን ሲያልፉ ሁለቱም አላስተዋሉም። ውሃውን ከፈተች። አውራ ጣቷን የአባቷ ጣት በነበረበት ጎድጓዳ ላይ አሳረፈችና መዳፉን ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ጥቁር ነበር፣ ከዚያ ግራጫ። ሳሙናዋ በጣቶቻቸው መሀል ሳሳች፣ ሳሳችና አለቀች።

ውሃው መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። እሷ እጁን አልለቀቀችም።